ወደ ኋላ የቀረነው በማን ጥፋት ነው?

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬውን ርዕስ ያገኘሁት ሲሪንቃ ላይ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መንገድ ዳር የምታገኟት፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቀዋ ሲሪንቃ። ጁምዓ ተሰግዶ ሰዉ ሲበተን ሁለት አባቶች ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ወግ ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወጉ ክርክር ለመሆን ጊዜ አልፈጀበትም።

አንደኛው እንዲህ አሉ፦ «ሌላ ማንንም አንውቀስ። ያጠፋነው እኛው ነን። ጎረቤታችን ልጁን ተማሪ ቤት ሲሰድድ እኛ ልጃችንን ከብት አስጠበቅን፣ ሱቅ አስቀመጥን። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የኛ ልጅ ጥቂት ነው ብለን ብናለቅስ ማን ይሰማናል? የዘራነውን አጨድን።»

ሁለተኛው ተቆጡ፦ «ተው ወንድሜ፣ አባቶቻችንን አትበድል! ‹ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው› እየተባለ ያደገ ሰው ልጁን ምን ይሁንልኝ ብሎ ያስተምራል? ቢማርስ ማን ሊሾመው? በሩን ዘግተው ሲያበቁ ‹ለምን አልገባህም› ይሉታል?»

ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። «አንተ በሬዲዮ የምትናገር ሰው ነህና ፍረድ» አሉኝ። «አብሽሩ፣ ኢንሻአላህ አስቤበት እመለሳለሁ» አልኳቸው። የዛሬው ንግግሬ ለሁለቱ አባቶች የምሰጠው መልስ ነው።

ጥያቄው የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም

ወንድሞችና እህቶች! አንድ ሕዝብ ለምን ከሌላው ወደ ኋላ ቀረ የሚለው ጥያቄ የጥላ ሥር ወግ ሆኖ የሚቀር አይደለም። የምንሰጠው መልስ ነገ የምንሠራውን ይወስናል። «ሁሉም የራሳችን ጥፋት ነው» ያለ ሰው የተነጠቀውን መብት አይጠይቅም፤ አባቱንም ይንቃል። «ሁሉም የሌሎች ጥፋት ነው» ያለ ደግሞ እጁን አጣጥፎ የሚያዝንለት ይጠብቃል። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ ልጅየው ቤት ይቀራል።

ጥያቄው የኛ ብቻም አይደለም። በሕንድ አገር የሙስሊሙ ኅብረተሰብ በትምህርትም በመንግሥት ሥራም ለምን ወደ ኋላ ቀረ ሲባል ብዙዎች «ልጆቻቸውን መድረሳ ስለሚያስገቡ ነው» ይሉ ነበር። መንግሥት በዳኛ ራጂንደር ሳቻር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ2006 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሪፖርት ለትምህርት ከደረሱ የሙስሊም ልጆች መድረሳ የሚማሩት ከመቶ ከአራት እንደማይበልጡ አሳየ። ለዓመታት እንደ እውነት ሲነገር የኖረው ምክንያት ሲቆጠር ኢምንት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት መመርመር ይኖርብናል ማለት ነው።

ከማሽላው ሥር ያለው ጠላት

ለሲሪንቃ ገበሬ አቀንጭራን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። ከአፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ተኝቶ ይቆያል። ማሽላው ሥር ሲሰድድ ይነቃና ከሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ በሚታይበት ጊዜ ጉዳቱ ከሥር ካለቀ ቆይቷል።

ይህን የማያውቅ መንገደኛ በሁለት ማሳዎች መካከል ቢያልፍና አንዱ ማሽላ አምሮ፣ ሌላው ቀጭጮ ቢያይ ምን ይላል? «ይኸኛው ገበሬ ሰነፍ ነው» ይላል። ሰነፍ የተባለው ገበሬ ግን ከጎረቤቱ ቀድሞ ተነስቶ አርሶ፣ አርሞ፣ ኮትኩቶ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከመሬቱ ሥር ነው። ያንን ዘር የዘራው እሱ አይደለም፤ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ ነው።

ታዲያ ገበሬው ዘሩን እኔ አልዘራሁትም ብሎ ቢቀመጥ ይድናል? አይድንም። አቀንጭራውን አበባው ፍሬ ሳያፈራ መንቀል፣ ሰብል ማፈራረቅ፣ አፈሩን በፍግ ማዳበር አለበት። ይህ የእጁ ሥራ ነው። ሆኖም እጁ ብቻውን አይበቃም፤ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘርም ያስፈልገዋል። ያንን ዘር ገበሬው በጓሮው አይፈጥረውም። የሲሪንቃን የመሰለ የምርምር ማዕከል፣ መንግሥትና ምሁር ይጠይቃል።

አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማግኘት በዓለም የታወቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከነዚያ ዝርያዎች አንዱ ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «አብሽር»! ፕሮፌሰሩ ያደጉት በምዕራብ ሸዋ ገጠር በሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ እናታቸውም ካልተማርክ ብለው ይገፏቸው ነበር። ይህ የግል ጥረት ነው። ነገር ግን በዚያ መንገድ ጫፍ ላይ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር፤ ኋላም የጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና የዓለማያ ኮሌጅ ተቀበሏቸው። እግር ያለ በር፣ በርም ያለ እግር የትም አያደርስም።

የወሎ ረሃብ ያስተማረው

የሲሪንቃ ሽማግሌዎች የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን ረሃብ አይረሱትም። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው ይኸው መንገድ ነበር በረሃብተኛ የተሞላው። ዓለም ነገሩን የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሳው ፊልም በጥቅምት 1966 ከታየ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ስለ ወሎ ገበሬ ምን ያልተባለ ነገር አለ? ሰነፍ ነው፣ ኋላ ቀር ነው፣ ኃጢአቱ ነው ተባለ።

የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ረሃብ መረመሩት። ያገኙት አስደንጋጭ ነበር። በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላ የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው ሕዝብ እንዳለቀበት ዘመን አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እህል የወጣበት ሁኔታ ነበር። ምርቱ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር መግዣ ስላልነበራቸው ነው ያለቁት። መንግሥትም ጩኸታቸውን ሸሸገው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! በዚያ ረሃብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን አልቋል። የወሎ ክርስቲያን ጎረቤታችን ከኛ የተለየ ማዕድ አልነበረውም። ስለዚህ ስለ በደል ስናወራ በሥርዓቱና በጎረቤታችን መካከል ያለውን ልዩነት እንወቅ። አላህ በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል።

አባቶቻችን ዕውቀት ጠልተው ነበርን?

አሁን ወደ መጀመሪያው አባት አባባል ልመለስ። «ልጆቻችንን አላስተማርንም» ብለዋል። ሐቅ አለው። ግን ለምን?

ዕውቀት ስለጠላን እንዳይባል ወሎን ማየት ይበቃል። ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ የዕውቀት ማዕከላት ነበሩ። ደረሳው ስንቁን በትከሻው አንግቦ፣ እየለመነም ቢሆን ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ እየተጓዘ ፊቅሁን፣ ነሕዉን፣ ተፍሲሩን ቀርቷል። ለኪታብ ሲል ወላጆቹን ትቶ ዓመታት የሚንከራተት ሕዝብ ዕውቀት ጠላ አይባልም።

ታሪኩ ሌላ ነው። ጎንደር ላይ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። በጎንደርና በትግራይ ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት ስለማይፈቀድለት ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ሄደ። ኋላ ደግሞ «እስላም ንግድ ይወዳል» ተባለ! መሬት የተከለከለ ሰው ምን ይውደድ? በወሎ ሙስሊሙ ገበሬ ያርስ ነበር፤ እዚህ ፈተናው በሌላ በኩል መጣ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው ጉባኤ የወሎ ሹማምንት ከእምነታቸውና ከሹመታቸው አንዱን እንዲመርጡ ተገደዱ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ክርስትና ተነሱና ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሆኑ። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ተነሱ። እንደ ሸኽ ጦልሐ እምቢ ያለው ሰው የልጅ ልጅ ቢሮ ውስጥ አለመገኘቱን የግል ምርጫ ልንለው ነው?

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። አባት «ልጄ ትምህርት ቤት ሄዶ ሃይማኖቱን ይዞ ይመለሳል ወይ?» ብሎ ቢፈራ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ከጠየቋቸው ጉዳዮች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ነበር። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. በዓላቶቻችን ታወቁ፤ የመሬት አዋጁም ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ።

በር ሲከፈት የሚሆነውን ደግሞ በቅርቡ አይተናል። «ሙስሊሙ ገንዘቡን ባንክ አያስገባም» ይባል ነበር። እውነት ነበር፤ ወለድ ሐራም ስለሆነ። ከዚያ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ተፈቀደ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ሰዉ ወደ ባንኮቹ ሄደ። ሰዉ ያው ሰው ነው፤ ሃይማኖቱም አልተለወጠም። የተለወጠው በሩ ነው።

ሁሉም በር ግን አልተከፈተም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ እህቶቻችን ከትምህርት ገበታ ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እነዚያ ልጆች «መማር አልፈለጉም» ብሎ የሚጽፍ የነገ ጸሐፊ ቢመጣ ምን እንለዋለን?

ሁልጊዜ የምትጠቀሰዋ አንቀጽ

የመጀመሪያው አባት ክርክራቸውን የደመደሙት በሱረቱ ረዕድ 11ኛ አንቀጽ ነበር። አላህ የሕዝብን ሁኔታ፣ እነርሱ በራሳቸው ያለውን እስኪለውጡ ድረስ እንደማይለውጥ የሚነግረንን አንቀጽ ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ይህችን አንቀጽ ድሃውን ለመገሠጽ እንጠቀምባታለን። አንቀጿ ግን «ቀውም» ብላ የምትናገረው ስለ ሕዝብ ነው። ሕዝብ በራሱ ውስጥ ያለው ስንፍናና ትጋት ብቻ አይደለም። ሕጉ፣ ልማዱ፣ ሚዛኑ፣ ደካማውን የሚይዝበት አያያዝ ሁሉ በራሱ ውስጥ ያለ ነው። ስለዚህ አንቀጿ «አንተ ድሃ፣ ተለወጥ» ብቻ ሳትሆን «እናንተ ሕዝቦች፣ ሥርዓታችሁን አስተካክሉ» የምትልም ናት።

የሙእሚኖች አዛዥ ዑመር ቢን አል-ኸጧብ (ረ.ዐ.) ይህን በተግባር አሳይተውናል። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንዳሰፈሩት የሓጢብ ባሮች የአንድ ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ዑመር መጀመሪያ የሌባ ቅጣት አዘዙ። ከዚያ ቆም ብለው ጌታቸውን ተመለከቱና ባሮቹን እንደሚያስርባቸው ተረዱ። ግመሏ 400 ዲርሃም የምታወጣ ነበረች፤ ጌታው 800 ዲርሃም እንዲከፍል ፈረዱበት። ሊቃውንት ዑመር ቅጣቱን ከባሮቹ ያነሱት በረሃባቸው ምክንያት መሆኑን ያስረዳሉ። ስርቆቱ የባሮቹ እጅ ሥራ ነበር፤ ረሃቡ ግን የጌታው። ዑመር ሁለቱንም አዩ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ሌላውን ወገን አስተምረውናል። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን መጣ። ቤቱ ምን እንዳለ ጠየቁት። አንድ ምንጣፍና አንድ ዋንጫ አለኝ አለ። አስመጥተው በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣ እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለትና እንጨት ለቅሞ እንዲሸጥ፣ ለ15 ቀንም እንዳያዩት ነገሩት። ሰውየው አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ።

«ሂድ ሥራ» ብቻ ብለው አልሸኙትም፤ መጥረቢያ ሰጡት። መጥረቢያውን ሰጥተውም እንጨቱን አልቆረጡለትም።

እኛስ የማንን በር ዘግተናል?

ሁለተኛው አባት ደግሞ አይቀየሙኝ። በኛ ላይ በር ተዘግቷል ብለን ስንጮህ እኛ የዘጋነውን በር እናያለን?

ሴት ልጁን ከ7ኛ ክፍል አስወጥቶ የሚድር አባት አለ። ዕውቀት መፈለግ በሙስሊም ሁሉ ላይ ግዴታ መሆኑን የሚያስተምረው ሐዲስ ሴትን አልነጠለም። ለዚያች ልጅ «ሥርዓት» ማለት አዲስ አበባ ያለ ሚኒስቴር አይደለም፤ አባቷ ነው። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን በሥራው የምንንቅ፣ ልጅ የማንሰጠው፣ በቡዳነት የምናማስ ስንት ነን? ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት የገራላቸው ነቢይ አልነበሩምን? በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን ሰግደን ስንወጣ የምንጸየፈው ወንድም፣ እኛ በመንግሥት ላይ የምናቀርበውን ክስ በቂያማ ቀን በኛ ላይ ቢያቀርብ መልሳችን ምንድን ነው? ከቀን እኩሌታ እስከ ማታ ጫት ላይ የሚያልፈውን ጊዜስ ማን ነጠቀን? ይህን ለቦሩ ሜዳ ልንሰጠው አንችልም።

ወጣቶቻችንም ስሙኝ። ሰሜን ወሎ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፏል፤ የተዘጋውና የተዘረፈው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከክፍሉ ሁለት ልጅ ሲወድቅ የልጆቹን ደብተር እንመርምር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ ግን ትምህርት ቤቱን እንመርምር፤ መምህሩን፣ መጽሐፉን፣ ቤተ ሙከራውን። አንተ ተማሪው ግን ሁለተኛውን ምርመራ ለትልልቆቹ ተውና ደብተርህን ክፈት። ሰው የለፋበት እንጂ ሌላ እንደሌለው አላህ በሱረቱ ነጅም 39ኛ አንቀጽ ነግሮናል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው

ለሲሪንቃዎቹ ሁለት አባቶች! ሁለታችሁም ግማሽ ሐቅ ይዛችኋል። ትናንትን ስትመረምሩ የሁለተኛውን አባት ዓይን ተዋሱ፤ አባቶቻችን ከሥር በተዘራባቸው አቀንጭራ ሰነፍ እንዳይባሉ። ነገን ስታቅዱ የአንደኛውን አባት እጅ ተዋሱ፤ አቀንጭራው ከማሳችን ላይ በወቀሳ አይነቀልምና። ሌላውን ስትዳኙ ሰበቡን ፈልጉለት፤ ራሳችሁን ስትዳኙ ሰበብ አትፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ለራሳችን ሥርዓቱን እንወቅሳለን፣ ለሌላው ስንፍናውን።

በየመስጊዳችን ልንጀምረው የምንችል ሥራ አለ። ከዐስር በኋላ መድረሳው ባዶ ከሚሆን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሰጥበት። ከሰፈራችን ተምረው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች በክረምት ሲመለሱ ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ። ዘካችን ለአንድ ቀን ዳቦ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ቤተሰብ መጥረቢያ ይሁን፤ ለልብስ ሰፊዋ መኪና፣ ለገበሬው የተሻሻለ ዘር፣ ለተማሪዋ የቤት ኪራይ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እንገኝ፤ የመምህር እጥረት ካለ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ወረዳውን እንጠይቅ፤ የሱ ልጅም እዚያው ክፍል ነው ያለው። መብትን በሕግና በትዕግሥት መጠየቅም የጥረት አንዱ ክፍል ነው።

ያ አላህ! የተዘጋብንን በር ክፈትልን፤ እኛም በሌሎች ላይ የዘጋነውን እንድንከፍት እርዳን። አባቶቻችንን ማርልን፤ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ስጣቸው። አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።